ስህተቱ ከብርሃኑ ነው ወይስ ከጠብታው? «ርካሽ የብርሃን ባዮሴንሰር ለወሎ አይሆንም» ለተባለው ምላሽ

ሰሞኑን ርካሽና ተንቀሳቃሽ የብርሃን ባዮሴንሰሮችን በወሎ ጤና ኬላዎች ለመጠቀም ማሰብ ከንቱ ድካም ነው የሚል ጽሑፍ ሲነበብ ሰንብቷል። ጸሐፊው ስድስት ምክንያት ደርድረዋል። ርካሽ ሴንሰር ትክክል ሊለካ አይችልም፤ የስልክ ካሜራ አይታመንም፤ የቆላው ሙቀትና የደጋው ብርድ መሣሪያውን ያበላሹታል፤ የደጋ ሰው ደም ወፍራም ስለሆነ ውጤቱ ይዛባል፤ የወባ በሽተኛን ነጻ ነህ ብሎ ይሸኛል፤ ሲበላሽም ጠጋኝ ስለሌለው ገንዘቡ ለአንድ ትልቅ የሆስፒታል ማሽን ይዋል ይላሉ። የሚነሡት ጉዳዮች የሰው ሕይወት ያለባቸው ስለሆኑ በዝምታ የሚታለፉ አይደሉም።

በቅድሚያ አንድ ነገር እንለይ። የብርሃን ባዮሴንሰር ከሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። አንዱ ባዮማርከሩን፣ ማለትም በደም ወይም በሽንት ውስጥ ያለውን የበሽታ ጠቋሚ፣ የሚይዘው ኬሚስትሪ ነው፤ አንቲቦዲ (ጠቋሚውን ለይቶ የሚይዝ ፕሮቲን) የተቀባ ስትሪፕ፣ ማለትም ቀጭን የመመርመሪያ ወረቀት፣ ኢንዛይም ወይም የደሙን ቀለም የሚለውጥ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ሌላው የተፈጠረውን ቀለም ወደ ቁጥር የሚለውጠው አንባቢ ነው፤ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት)፣ ፎቶዳዮድ (ብርሃን የሚለካ ዕቃ) እና ጥቁር ሳጥን። ጸሐፊው ከኬሚስትሪውና ከናሙና አወሳሰዱ የሚመጣውን ጥፋት ሁሉ ያሸከሙት አንባቢውን ነው።

ርካሽ ሴንሰር ትክክል አይለካም ስለተባለው

ሂሳቡን በሄሞግሎቢን እንሥራው፤ የነፍሰ ጡሮች ደም ማነስ የሚለየው በእሱ ነውና። ከሲያናይድ ነጻ የሆነው ዘዴ ቀላል ነው። በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ 4 ግራም ሶዲየም ሃይድሮክሳይድና 25 ግራም ትራይተን ኤክስ-100 ይሟሟል። ከዚህ ላይ 3 ሚሊሊትር ኩቬት በተባለች ብርሃን የምታሳልፍ ትንሽ ዕቃ ውስጥ ይቀዳና 20 ማይክሮሊትር ደም ይጨመርበታል፤ 5 ደቂቃ ያህል ተጠብቆ በ575 ናኖሜትር ብርሃን ይነበባል። የቆየው የድራብኪን ዘዴ በ540 ናኖሜትር የሚነበብ ጥሩ ዘዴ ቢሆንም ሲያናይድ ስላለበት ወደ ጤና ኬላ የሚወሰድ አይደለም። አዲሱም ፈሳሽ ቢሆን ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ያለ ጓንት አይነካም፤ ክዳኑም ክፍት አይተውም።

ሄሞግሎቢኑ በሊትር 120 ግራም የሆነ ደም በ1 ሴንቲሜትር ኩቬት ውስጥ የሚሰጠው አብዞርባንስ 0.34 ገደማ ነው። አብዞርባንስ ማለት ባዶው ፈሳሽ ያሳለፈው ብርሃን ደም የገባበት ፈሳሽ ላሳለፈው ብርሃን ተካፍሎ፣ የድርሻው ሎጋሪዝም ሲወሰድ የሚገኘው ቁጥር ነው። እንግዲህ ርካሹ ኤልኢዲ በሁለቱ ንባቦች መካከል 1 በመቶ ደከመ እንበል። አብዞርባንሱ በ0.0043 ይዛባል፤ ከ0.34 አንጻር 1.3 በመቶ መሆኑ ነው። ወደ ሄሞግሎቢን ሲመለስ 1.5 ግራም ገደማ ይሆናል። ደም የቀዳው ባለሙያ በ20 ማይክሮሊትር ፋንታ 21 ቢወስድስ? ስህተቱ 5 በመቶ፣ ማለትም 6 ግራም ነው። የአንዲት ጠብታ ሽራፊ ከደከመው ኤልኢዲ አራት እጥፍ ታሳስታለች።

ያቺ 1 ማይክሮሊትር የምትገባው ደግሞ በቀላሉ ነው። የካፒላሪ ቱቦው ውጭ በጥጥ ሳይጠረግ ወደ ፈሳሹ ሲነከር ከውጭ የተለጠፈው ደም አብሮ ይገባል። ጣት ሲጨመቅ ደግሞ ከደሙ ጋር ውሃማ የሰውነት ፈሳሽ ይወጣና ደሙን ያቀጥነዋል፤ ጤነኛዋ ሴት ደም ያነሳት ትመስላለች። ደሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም በለበሰ ጠዋት ጣት በብርድ ሲኮማተር ደሙ እምቢ ይላል፤ ያን ጊዜ ነው ጭመቃው የሚበረታው። መፍትሔው እጅን በሞቀ ውሃ ማሞቅ፣ የጣትን ጎን መውጋት፣ የመጀመሪያውን ጠብታ መጥረግና ቀጥሎ በራሱ የሚመጣውን መውሰድ ነው።

ሌላው ተንኮለኛ ነገር አረፋ ነው። ትራይተን እንደ ሳሙና ስለሆነ ኩቬቱ ከተናጠ አረፋ ያነሣል። በብርሃኑ መንገድ ላይ የተቀመጠች አንዲት አረፋ ብርሃኑን ትበትነዋለች፤ አንባቢው ግን ደም የዋጠው መስሎት ሄሞግሎቢኑን ከፍ አድርጎ ይጽፋል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው፤ ደም ያነሳትን ነፍሰ ጡር ደህና ነሽ ብሎ ወደ ቤቷ ይመልሳታልና። ኩቬቱ አምስት ስድስት ጊዜ በቀስታ ይገለበጥ እንጂ አይናጥ፤ ከመነበቡ በፊትም ወደ ብርሃን ከፍ ተደርጎ ይታይ። በመቶ ሺህ ብር የተገዛ ስፔክትሮፎቶሜትርም (የላቦራቶሪ ብርሃን መለኪያ) ቢሆን ከዚህ አያመልጥም።

ጸሐፊው ልክ የሚሆኑበት ቦታ አለ፤ እሱም የደበዘዘ መስመር ነው። በስትሪፕ ላይ የምትታይ ቀጭን መስመር የምትሰጠው የአብዞርባንስ ልዩነት 0.02 ብቻ ከሆነ ያው 0.0043 አሁን ከ20 በመቶ በላይ ስህተት ሆነ። ስለዚህ ያው አንባቢ ሄሞግሎቢንን ደህና አድርጎ ለክቶ የስትሪፑን መስመር ማንበብ ሊያቅተው ይችላል። መድኃኒቱ ውድ ሴንሰር መግዛት አይደለም፤ ሁለተኛ ፎቶዳዮድ መጨመር ነው። አንዱ ናሙናውን ያያል፣ ሌላው ኤልኢዲውን በቀጥታ ይጠብቃል፤ የሁለቱ ድርሻ ሲወሰድ የኤልኢዲው ድካም ከሂሳቡ ይወጣል። ኤልኢዲው በቋሚ ከረንት ይነዳ፤ ከመጀመሪያው ንባብ በፊትም ሁለት ሦስት ደቂቃ ይሙቅ። አንባቢውን የሚያሠራው ኢኤስፒ32 የተባለ ትንሽ ኮምፒውተር ከሆነ፣ ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚለውጠው የራሱ ለዋጭ በታችና በላይ ጫፎቹ ላይ ስለሚጎብጥ 16 ቢት ያለው ኤዲኤስ1115 የተባለ ለዋጭ ይጨመርለት። ይህ ሁሉ ተደምሮ በአሥር ዶላሮች የሚቆጠር ወጪ ነው።

የስልክ ካሜራ አይታመንም ስለተባለው

ካሜራው በራሱ ፈቃድ ከተተወ አዎን፣ አይታመንም። የፎቶ ውበት እንጂ ልኬት ዓላማው ስላልሆነ ነጩን ነጭ ለማስመሰል ቀለሙን ያስተካክላል፣ ጨለማውን ያበራል፣ ፋይሉን ያጨማድዳል። ብዙዎች የማያውቁት ደግሞ በተራ ፎቶ ውስጥ ያለው የፒክስል ቁጥር ከብርሃኑ መጠን ጋር እኩል አለመሄዱን ነው። ከ255 ውስጥ 128 የሚል ፒክስል የያዘው የብርሃኑን ግማሽ ይመስላል፤ እውነቱ ግን 22 በመቶ ገደማ ነው። በእነዚህ ቁጥሮች ላይ በቀጥታ አብዞርባንስ ያሰላ ሰው የካሊብሬሽን መስመሩ (መጠናቸው በታወቀ ናሙናዎች የሚሠራው የመለኪያ መስመር) ለምን እንደጎበጠበት ሲፈልግ ይከርማል።

የሚሠራው አካሄድ ይህ ነው፦ ጥሬ ፋይል የሚሰጥ መተግበሪያ መጠቀም፤ ኤክስፖዠሩን፣ አይኤስኦውን፣ ፎከሱንና የነጭ ሚዛኑን መቆለፍ፤ ስልኩን የራሱ ኤልኢዲ ባለው ዝግ ሳጥን ላይ ማስቀመጥ። በእያንዳንዱ ፎቶ ውስጥ ነጭና ግራጫ ማመሳከሪያ ወረቀት አብሮ ይግባ። የመስመሩ ጥቁረት ሲለካም ከጎኑ ካለው ባዶ ሜምብሬን (ፈሳሹ የሚሄድበት የስትሪፑ ገጽ) ጋር እየተነጻጸረ ይሁን፤ ደም ያረጠበው ስትሪፕ ራሱ ሮዝ ስለሚል መስመሩን ለብቻው መለካት ያሳስታል። የስትሪፑ ቀለም ከወርቅ ቅንጣት የሚመጣ ከሆነ ቅንጣቱ የሚውጠው ከ520 እስከ 530 ናኖሜትር ያለውን አረንጓዴ ብርሃን ስለሆነ አረንጓዴ ኤልኢዲ ይበራል፣ ከፎቶውም አረንጓዴው ቻናል ብቻ ይወሰዳል። ስልኩ ከተቀየረ ካሊብሬሽኑ ከመጀመሪያ ይሠራል። በእኛ ግምት ገንዘብ ካለ ከስልክ ይልቅ ፎቶዳዮድ ያለው ሳጥን ይሻላል፤ ስልኩ ውጤት መዝግቦ ይላክበት።

ጸሐፊው አንባቢውን ከሰው ዓይን ጋር ሳያነጻጽሩ ማለፋቸው ግን ትልቅ ክፍተት ነው። በሐይቅና በቦርከና ተፋሰስ አካባቢ ያለውን የአንጀት ቢልሃርዚያ እንውሰድ። የሽንት ካሴቱ፣ ማለትም በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለው ስትሪፕ፣ የትሉን አንቲጅን (ከትሉ የሚወጣ ጠቋሚ) ይይዛል፤ የሚነበበው በ20ኛው ደቂቃ ነው። ቀላል ልክፍት ያለበት ልጅ ሽንት የምትሰጠው መስመር አለች ሲሉ የምትጠፋ፣ የለችም ሲሉ ብቅ የምትል ጭላንጭል ናት። አንዱ ባለሙያ አዎንታዊ ሲላት ሌላው አሉታዊ ይላታል፤ በመስኮት አጠገብና በክፍሉ ጥግም ፍርዱ ይለያያል። በጨለማ ሳጥን ውስጥ ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ብርሃን የሚያይ አንባቢ ቢያንስ ይህን ክርክር ያስቀራል።

ወሰኑ የሚሰመረውም በስሜት አይደለም። በሽታው እንደሌለባቸው በተረጋገጡ ሰዎች ቢያንስ 20 ናሙና ይነበብ። አማካዩ ለምሳሌ 0.004፣ መደበኛ ልዩነቱ 0.003 ቢሆን፣ 1.645 በ0.003 ተባዝቶ አማካዩ ላይ ሲደመር 0.009 ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ባዶ ነው። በደካማ አዎንታዊ ናሙናዎች ላይ ያው 0.003 ልዩነት ከታየ ሌላ 0.005 ተጨምሮ 0.014 መሣሪያው በእርግጠኝነት ሊያየው የሚችለው ዝቅተኛው ይሆናል። ይህን ሁለት ቁጥር የማያሳይ ሠሪ መሣሪያውን ጨርሻለሁ አይበል።

ሙቀቱና ብርዱ

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሹን ልክ ናቸው፤ ጥንቃቄያቸውንም እናከብራለን። ኤሌክትሮኒክሱ ግን የመጨረሻው ተጎጂ ነው። ሙቀት ሲጨምር ቀይ ኤልኢዲ ከአረንጓዴው በበለጠ ይደክማል፤ ያንን ሁለተኛው ፎቶዳዮድ ይይዘዋል። የሚጎዳው ስትሪፑ ነው።

ቆቦና ባቲ ላይ ትልቁ ጠላት በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ያለ መደርደሪያና ፀሐይ ላይ የቆመ የሞተር ሳይክል ሳጥን ነው። ማሸጊያው ላይ እስከ 30 ወይም እስከ 40 ዲግሪ የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም፣ ለቆላ የሚታዘዘው ባለ 40ው ነው። ርካሽ የሙቀት መዝጋቢ ከካርቶኑ ጋር ይጓዝ። ከፎይሉ የወጣ ካሴት ወዲያው ጥቅም ላይ ይዋል፤ ውስጡ ያለችው የእርጥበት መምጠጫ ከረጢት ቀለም ከለወጠች ካሴቱ ይጣል።

በደጋው ደግሞ ችግሩ ሌላ ነው። የውሃ ዝልግልግነት በ25 ዲግሪ 0.89 ሚሊፓስካል-ሰከንድ ሲሆን በ10 ዲግሪ 1.31 ይደርሳል፤ ማለት ፈሳሹ ግማሽ ያህል እየከበደው ነው በሜምብሬኑ ላይ የሚሄደው። ደላንታ ውስጥ ባለችው በወገል ጤና ከተማ በብርዳማ ጠዋት በ15ኛው ደቂቃ የተነበበ ስትሪፕ ቆቦ ላይ በዚያው ደቂቃ ከተነበበው ጋር እኩል አልሄደም። ኢንዛይም ያለበት ኪት ከሆነ ልዩነቱ ይብሳል፤ 10 ዲግሪ ሲቀንስ ፍጥነቱ በግምት በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ካሴቱ ከፎይሉ ሳይወጣ 30 ደቂቃ ያህል በክፍሉ ሙቀት ይቆይ፤ ክፍሉም ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ መጀመሪያ ይሙቅ። ከብርድ ወደ ሞቃት ክፍል የገባ አንባቢም መስታወቱ ላይ ጤዛ ያበጃል፤ እስኪደርቅ አይነበብበት።

ጸሐፊው ያላነሡት ግን ከሙቀቱ የሚብስ ነገር ፀሐይ ናት። ሰኞ በባቲ ገበያ ዳስ ተጥሎ ምርመራ ቢደረግ ቀጥታ ፀሐይ 100,000 ሉክስ ገደማ ነው፤ በክዳኑ ስንጥቅ የምትገባ ጥቂቷ ኤልኢዲውን ትውጠዋለች። በዚህ ላይ በ3ዲ ማተሚያ የተሠራ ጥቁር ሳጥን ለዓይን ጥቁር ሆኖ ለኢንፍራሬድ ሊያሳልፍ ይችላል፤ የሲሊከን ፎቶዳዮድ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚነቃው ለኢንፍራሬድ ነው። ግድግዳው ቢያንስ 2 ሚሊሜትር ይሁን፣ ውጩም በአሉሚኒየም ቴፕ ይሸፈን። ሶፍትዌሩም ኤልኢዲውን አጥፍቶ አንዴ፣ አብርቶ አንዴ ያንብብና የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ይቀንስ። ኤልኢዲው ጠፍቶ የሚመጣው ንባብ ከተለመደው ከፍ ካለ ብርሃን እየገባ ነውና መሣሪያው ውጤት ከመስጠት ይከልከል።

የደጋ ሰው ደም

ይህ ነጥብ ሁለት ነገር አደባልቋል። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ ከፍ ይላል፤ አንባቢው ከፍ ያለውን ከፍ አድርጎ ማንበቡ ትክክለኛነቱ ነው። መስተካከል ያለበት ውሳኔው ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው መመሪያ ከተለካው ላይ የሚቀነሰው ከ1500 እስከ 1999 ሜትር ላለ 11 ግራም፣ ከ2000 እስከ 2499 ላለ 14፣ ከ2500 እስከ 2999 ላለ 18 ግራም በሊትር ነው።

በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ላይ ያለች ነፍሰ ጡር 123 ግራም ተለካች እንበል። ወሰኑ 110 ነው። ኮምቦልቻ፣ 1850 ሜትር ገደማ ላይ፣ 112 ሆና ደም አላነሳትም። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ከዚህ መስመር በታች ባለው ሰፈር 109፣ ከመስመሩ በላይ 105 ትሆናለች፤ በሁለቱም ደም አንሷታል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መሣሪያው ውስጥ የቀበሌው ከፍታ ካልተጻፈ የሚፈጠረው ስህተት ከኤልኢዲም ከጠብታም ይበልጣል። የሚወሰደው ሴትዮዋ የምትኖርበት ከፍታ እንጂ የምርመራው ቦታ አለመሆኑም አይረሳ፤ ከደጋ ወደ ኮምቦልቻ ለገበያ የወረደች ሴት በኮምቦልቻ ቁጥር አትዳኝም።

ወባን ያሳልፋል ስለተባለው

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው። ብዙዎቹ የወባ ካሴቶች ፋልሲፓረም የተባለውን የወባ ዓይነት የሚለዩት ኤችአርፒ2 በተባለ ፕሮቲን ነው። ይህን ፕሮቲን የሚሠራው ጂን የጠፋባቸው ጥገኛ ተሕዋስያን ኢትዮጵያ ውስጥ ተገኝተዋል። ፕሮቲኑ ከሌለ መስመር የለም፤ መስመር ከሌለ በዓይንም በሴንሰርም የሚነበብ የለም። መፍትሔው ፒኤልዲኤች የተባለውን ኢንዛይም የሚይዝ ካሴት ማዘዝ ነው፤ በቆላው የተለመደውን ቫይቫክስ የተባለ ሌላ የወባ ዓይነትም በኤችአርፒ2 የሚሠራ ካሴት አያገኘውም። ኤችአርፒ2 በሌላ በኩል በሽተኛው ከታከመ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ስለሚቆይ ቆየት ያለን ልክፍት አዲስ ያስመስላል።

ከካሴቱ ጋር የሚመጣ አንድ ወጥመድ እንጨምር። ደሙ በተሕዋሱ እጅግ ሲሞላ አንቲጅኑ ከልክ በላይ ሆኖ መስመሩን ሊያደበዝዘው ይችላል። በጠና የታመመ ሰው ደካማ መስመር ካሳየ ደሙን አሥር እጥፍ አቅጥኖ መድገም ነው፤ ከተቀጠነ በኋላ መስመሩ ከደመቀ ነገሩ ይኸው ነው።

ትልቅ ማሽን ይገዛ፣ ጠጋኝ የለም ስለተባለው

በ2014ቱ ጦርነት በወሎ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ተሰባብረዋል። ሆስፒታሎቹ ማሽን ይገባቸዋል፤ ማንም አይከራከርም። ግን የሆስፒታል ማሽን ሪኤጀንት፣ የማይቋረጥ መብራትና ሰልጣኝ መሐንዲስ ይፈልጋል፤ ደግሞም ዳገት ወጥቶ ቀበሌ አይደርስም። ርካሹ አንባቢም ያለ ሆስፒታሉ አይኖርም፤ ካሊብሬሽኑን የሚያገኘው ከዚያ ነውና።

ጸሐፊው በዚህ ክፍል የተናገሩት አንድ እውነት አለ፦ ሁሉን ሰው መመርመር ሆስፒታሉን በውሸት አዎንታዊ ያጥለቀልቀዋል። ከመቶ በሽተኛ 95ቱን የሚያገኝና ከመቶ ጤነኛ 95ቱን ነጻ የሚል መሣሪያ ይዘን ከመቶ አንድ ሰው በሚታመምበት ቀበሌ 1000 ሰው ብንመረምር 10 በሽተኛና 50 ያህል ጤነኛ አዎንታዊ ይወጣሉ። ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው እውነተኛ። ከመቶ 20 በሚታመምበት ግን 190 በሽተኛና 40 ጤነኛ ስለሚሆኑ ውጤቱ የሚታመን ነው። ስለዚህ መሣሪያው ምልክት ላላቸው፣ ለነፍሰ ጡሮችና በሽታው ለሚበዛበት ቦታ ይዋል፤ አዎንታዊ የሆነም በሆስፒታል ይረጋገጥ። ለሕሙማን ከመዋሉ በፊት ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ አለበት፤ ርካሽ መሆኑ ከዚህ ነጻ አያወጣውም።

ስለ ጥገናው፦ የሚበላሹት ክፍሎች ጥቂት ናቸው። ኤልኢዲ፣ የዩኤስቢ ሶኬት፣ ባትሪ፣ የኩቬት መያዣ። ብየዳ የሚችል የደሴ ወይም የኮምቦልቻ ስልክ ጠጋኝ ሦስቱን በአንድ ሰዓት ይቀይራቸዋል፤ መያዣው ይታተማል። አደጋው ከጥገናው በኋላ ነው የሚመጣው። አዲሱ ኤልኢዲ በስሙ 575 ቢባልም ጫፉ ጥቂት ናኖሜትር ወዲያ ወዲህ ይላል፣ የድሮው የካሊብሬሽን መስመርም ለእሱ አልተሠራም። ኤልኢዲ የተቀየረለት ሳጥን ወደ ሆስፒታሉ ላቦራቶሪ ተወስዶ ሄሞግሎቢናቸው በታወቀ አምስት ደሞች፣ ከ50፣ ከ80፣ ከ110፣ ከ140ና ከ170 ግራም አካባቢ፣ እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ጊዜ ይነበብ። መስመሩ ተሠርቶ፣ ቀኑና የኤልኢዲው ቁጥር ሳጥኑ ላይ ተጽፎ እስኪለጠፍ ድረስ የማንም ሰው ጣት አይወጋበት።